በብስኩት ቆርቆሮ የተሠራው አምፕሊፋየር

ዛሬ ስለ አምፕሊፋየር ያወቅኩትን ላካፍላችሁ ነው። አምፕሊፋየር ማለት ደካማ የድምፅ ምልክት ተቀብሎ፣ በባትሪ ጉልበት አሳድጎ ለስፒከር የሚሰጥ መሣሪያ ነው።

ነገሩ የተጀመረው በእንግሊዝኛ የሬዲዮ ትምህርት ነው። የክፍላችን ሬዲዮ ትንሽ ስለሆነች እኛ ኋላ የምንቀመጠው የምንሰማው ግማሹን ነው። ሬዲዮው "ድገሙ" ሲል ፊት ያሉት ይደግማሉ፣ እኛ ዝም ብለን አፋችንን እናንቀሳቅሳለን። ስለዚህ የክበባችን አባላት ብር አዋጥተን ዕቃ ገዛን።

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች፦
1. ኤልኤም 386 የሚባል ባለ 8 እግር አይሲ
2. ባለ 8 ኦም ስፒከር (ከተበላሸ ሬዲዮ የወጣ)
3. ባለ 9 ቮልት ባትሪና ማብሪያ ማጥፊያ
4. ባለ 10 ኪሎ ኦም ቮሊዩም
5. ባለ 220 እና ባለ 0.047 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር
6. ባለ 10 ኦም ሬዚስተር
7. ባዶ የብስኩት ቆርቆሮ

አሠራሩ፦ የአይሲው 6ኛ እግር በማብሪያው በኩል ከባትሪው ፖዘቲቭ ይገናኛል። 2ኛውና 4ኛው ከኔጌቲቭ ጋር ይያያዛሉ። ከሬዲዮው የኢርፎን ቀዳዳ ከሚመጡት ሽቦዎች አንዱ ኔጌቲቭ ላይ፣ ሌላው የቮሊዩሙ አንድ ጫፍ ላይ ይታሰራል። የቮሊዩሙ ሌላ ጫፍ ወደ ኔጌቲቭ፣ መሐለኛው እግር ወደ አይሲው 3ኛ እግር ይሄዳል። ድምፁ የሚወጣው በ5ኛው እግር ነው፤ በትልቁ ካፓሲተር አልፎ ስፒከሩ ጋ ይደርሳል። የካፓሲተሩ ፖዘቲቭ ወደ አይሲው መዞር አለበት። የስፒከሩ ሌላ ሽቦ ኔጌቲቭ ላይ ይታሰራል። ደግሞ ከ5ኛው እግር ወደ ኔጌቲቭ ሬዚስተሩና ትንሹ ካፓሲተር ተከታትለው ይበየዳሉ። 1ኛ፣ 7ኛና 8ኛ እግሮች ባዶ ይቀራሉ፤ እንዲህ ሲሆን ምልክቱ 20 እጥፍ ያድጋል። ስታኞውን የበየደልን የሰፈር ሬዲዮ ጠጋኝ ነው።

ቆርቆሮው ለምን አስፈለገ? መጀመሪያ ካርቶን ላይ ስንሞክረው "ዝዝዝ" ይል ነበር። ይህ በግድግዳ ውስጥ ካለው የመብራት መስመር፣ በሰከንድ 50 ጊዜ ከሚመላለሰው፣ የሚመጣ ነው። ከኔጌቲቭ ጋር የተያያዘ ብረት ግን ይህን ጩኸት ይከላከላል።

እዚህ ላይ ጥፋቴን ልናገር። ስገጥመው የፖዘቲቩ ሽቦ ተልጦ ቆርቆሮውን ነካ። ባትሪው ጋለና ሞተ። በመዋጮ የተገዛ ስለሆነ ፈርቼ "ድሮም አሮጌ ነበር" አልኩ። ሁለት ቀን እንቅልፍ አልወሰደኝም። በመጨረሻ ለክበባችን መምህር ነገርኳቸው። እሳቸውም "ለምን እንደሞተ ካልነገርከን ሁለተኛውንም እንገድለዋለን" አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ከዚያ ቆርቆሮውን ውስጡን በካርቶን አለበስነው፣ ሽቦውን በናስትሮ ጠቀለልነው።

ጉልበቱ ግማሽ ዋት ገደማ ስለሆነ ለሰንደቅ ዓላማ ሥነ ሥርዓት አይበቃም። ለአንድ ክፍል ግን ይበቃል። አሁን "ድገሙ" ሲባል እኛም እንደግማለን።

ማሳሰቢያ፦ በባትሪ ብቻ ሥሩ፤ የግድግዳ መብራት ይገድላል! ለማየት የፈለገ በእረፍት ሰዓት ሚኒ ሚዲያ ክፍል ይምጣ። መልካም ትምህርት!