የማይታየው ላብ

ከየካቲት እስከ ግንቦት ባሉት ወራት በጉለሌ የቀትር ፀሐይ ትበረታለች። በመጋቢት ወር አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የሰባት ዓመት ልጄ ከትምህርት ቤት ወደ ቤታችን የሚያወጣውን ዳገት ጨርሳ ስትደርስ ራሷን ያማት ነበር። ቦርሳዋን ስከፍት ጠዋት የሞላሁላት የውሃ ኮዳ ሳይነካ ተመልሷል። ለምን እንዳልጠጣች ብጠይቃት «አባዬ፣ አላላበኝም እኮ!» አለችኝ። በእርግጥም ግንባሯ ደረቅ ነበር። አያቷ በበኩላቸው አዝነው «ልጅቷ ደክሟታል፤ ለስላሳ ይገዛላት» አሉ።

ሁለቱም አባባሎች ከቅን ልቦና የመነጩ ናቸው። በፊዚክስ ሚዛን ሲመዘኑ ግን ጉድለት ይገኝባቸዋል። በዚህ ጽሑፍ ጉድለቱ ምን እንደሆነ በቅደም ተከተል እንመለከታለን።

ላቡ የት ሄደ?

ፈሳሽ ወደ ተን ሲለወጥ ከአካባቢው ሙቀት ይወስዳል። አንድ ኪሎ ግራም ውሃ ከቆዳ ላይ ለመትነን 2,400 ኪሎ ጁል ያህል ሙቀት ያስፈልገዋል። ስለዚህ ሩብ ሊትር ላብ ሲተን 600 ኪሎ ጁል ይዞ ይሄዳል። የሰው አካል አንድ ኪሎ ግራሙ በአንድ ዲግሪ ሴልሺየስ እንዲሞቅ 3.5 ኪሎ ጁል ያህል ይፈልጋል። እንግዲህ 20 ኪሎ ግራም በምትመዝን ልጅ አካል ውስጥ ይህ ሙቀት በሙሉ ታምቆ ቢቀር ኖሮ የሰውነቷ ሙቀት ከ8 ዲግሪ በላይ በጨመረ ነበር። አንድ ብርጭቆ ላብ የሚሠራው ሥራ ይህን ያህል ነው።

ታዲያ ላቡ ለምን አይታይም? እንደ ምጽዋ ባለ ሞቃትና እርጥብ የባሕር ዳርቻ አየሩ በውሃ ተን የተሞላ በመሆኑ ላብ ቶሎ አይተንም፤ በግንባር ላይ ይንጠባጠባል። ጉለሌ ግን በእንጦጦ ግርጌ፣ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር በሚደርስ ከፍታ ላይ ትገኛለች። በዚህ ከፍታ የአየር ግፊት በባሕር ወለል ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ዝናብ በሌለባቸው ወራት አየሩም ደረቅ ነው። ላቡ ከቆዳው እንደ ወጣ ይተናል። በተጨማሪም ዳገት ስንወጣ ደረቁን አየር ወደ ውስጥ ስበን በውሃ ተን አርሰን እናስወጣዋለን። ስለሆነም «አላላበኝም» ማለት ብዙ ጊዜ «ላቤ ሳላየው ተነነ» ማለት ነው።

ልጅ ትንሽ አዋቂ አይደለም

አንድ አካል ባነሰ ቁጥር የገጽ ስፋቱ ከክብደቱ ጋር ሲነጻጸር ይበልጣል። 70 ኪሎ ግራም የሚመዝን አዋቂ 1.8 ካሬ ሜትር ገደማ ቆዳ አለው፤ ለእያንዳንዱ ኪሎ ግራም 257 ካሬ ሴንቲ ሜትር ይደርሰዋል ማለት ነው። 20 ኪሎ ግራም የምትመዝን ልጅ ግን 0.8 ካሬ ሜትር ገደማ ስላላት ለእያንዳንዱ ኪሎ ግራም 400 ካሬ ሴንቲ ሜትር ይደርሳታል። ስለዚህ በክብደቷ መጠን የምትቀበለው የፀሐይ ጨረርም ሆነ በቆዳዋ የምታጣው ውሃ ከአዋቂው ይበልጣል።

ሁለቱም 400 ሚሊ ሊትር ውሃ ቢያጡ አዋቂው ከክብደቱ የሚቀነሰው 0.6 በመቶ ያህል ሲሆን፣ ልጅቷ ግን 2 በመቶ ታጣለች። ራስ ምታት፣ ድካምና ትኩረት ማጣት የሚጀምሩት በዚህ ደረጃ አካባቢ ነው።

የስኳሩ ሒሳብ

ብዙዎቹ ለስላሳ መጠጦች በ100 ሚሊ ሊትር ከ10 እስከ 11 ግራም ስኳር ይይዛሉ። አንድ 300 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ 32 ግራም ያህል፣ ማለትም ስምንት የሻይ ማንኪያ ስኳር አለበት። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው መመሪያ መሠረት ከተጨመረ ስኳር፣ ከማርና ከጭማቂ የሚገኘው ኃይል ከዕለቱ ኃይል ከ10 በመቶ በታች መሆን አለበት። በቀን 1,400 ኪሎ ካሎሪ ለሚበቃው ልጅ ይህ 35 ግራም ነው። አንዱ ጠርሙስ የቀኑን ድርሻ ሊጨርሰው ምንም አልቀረውም።

ለስላሳ መጠጥ ውሃ አይሰጥም ማለታችን አይደለም። ነገር ግን የስኳሩ ብዛት ፈሳሹ ከጨጓራ እንዳይወጣ ያዘገየዋል። የተቅማጥ በሽታ ሲኖር ደግሞ በኦስሞሲስ ሕግ መሠረት ውሃ ወደ አንጀት ስለሚሳብ ሕመሙን ያባብሳል።

አንባቢ «ታዲያ ኦአርኤስ ስኳር የለውምን?» ብሎ ሊጠይቅ ይችላል። አለው፤ ልዩነቱ በመጠኑ ላይ ነው። ሮበርት ክሬን የተባለው ባዮኬሚስት እ.ኤ.አ. በ1960 ግሉኮስና ሶዲየም ወደ አንጀት ሕዋስ ተያይዘው እንደሚገቡ አስረዳ፤ ውሃም ይከተላቸዋል። እ.ኤ.አ. ከ2002 ጀምሮ በሚሠራበት ቀመር አንድ ሊትር ኦአርኤስ 13.5 ግራም ግሉኮስ እና 2.6 ግራም ጨው አለው። የለስላሳ መጠጥ ስኳር የዚህ ስምንት እጥፍ ያህል ነው። ሆኖም ኦአርኤስ ለተቅማጥ ሕመም የተዘጋጀ መድኃኒት እንጂ የዘወትር መጠጥ አይደለም።

ምን እናጠጣቸው?

ከሁሉም የሚቀድመው ንጹሕ ውሃ ነው። በተጨማሪ ጥቂት ሎሚ የተጨመቀበት ውሃ፣ በውሃ የቀጠነ እርጎ ወይም አሬራ፣ ተቆልቶ የተፈጨ ተልባ በውሃ ተበጥብጦ፣ ቀጠን ያለ የበሶ ብጥብጥ፣ ሁሉም ያለ ስኳር፣ ከቤታችን የማይጠፉ መልካም መጠጦች ናቸው። ብርቱካን ከጭማቂው ይልቅ ሙሉ ፍሬው ይመረጣል። ብርዝና ስኳር የበዛበት ሻይ ግን ከለስላሳው ጋር የሚመደቡ ናቸው። ከስድስት ወር በታች ላሉ ሕፃናት በሙቀት ጊዜም ቢሆን የእናት ጡት ወተት ብቻ ይበቃል፤ ውሃ አይሰጣቸውም።

ውሃ በፈረቃ በሚደርስበት ሰፈር የተጠራቀመ ውሃ ንጽሕና ሊያሳስብ ይችላል። በእኛ ከፍታ ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። ስለዚህ ከ2,000 ሜትር በላይ በሆነ ቦታ ውሃው መንተክተክ ከጀመረ በኋላ ለሦስት ደቂቃ ማፍላት ይመከራል።

ጥማት እስኪሰማቸው ሳንጠብቅ ከቤት ሲወጡ፣ በዕረፍት ሰዓትና ዳገት ከመውጣታቸው በፊት እናጠጣቸው። የሽንታቸው ቀለም ፈዛዛ ቢጫ ከሆነ በቂ ጠጥተዋል፤ ከጠቆረ ይጨመርላቸው። ልጁ ከፈዘዘ፣ ሲያለቅስ እንባ ካጣ ወይም ለረጅም ሰዓት ሽንት ካልሸና ሳይዘገይ ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰድ።

አንድ ነገር ልጨምር። ልጄን በማግስቱ ደግሜ ስጠይቃት ውሃ ያልጠጣችበት ሌላ ምክንያት እንዳለ ነገረችኝ፤ የትምህርት ቤቱን መጸዳጃ ቤት ስለምትጠየፍ ነበር። ኮዳ መሙላት ብቻውን አይበቃም፤ የሚቆለፍ በርና ውሃ ያለው ንጹሕ መጸዳጃ ቤትም የዚሁ ጉዳይ አካል ነው።

የቤት ሙከራ

ሁለት እኩል መሐረቦች በእኩል ውሃ አርሳችሁ አንዱን በታሰረ ፕላስቲክ ከረጢት ውስጥ፣ ሌላውን ነፋስ በሚያገኘው ጥላ ሥር አኑሩ። ከአንድ ሰዓት በኋላ በሚዛን መዝኗቸው። ከተሰቀለው መሐረብ የጎደለውን ክብደት በ2,400 ኪሎ ጁል አባዙት፤ ክብደቱን በኪሎ ግራም መውሰዳችሁን አትርሱ። ውጤቱ ሳይታይ የሄደው ውሃ የወሰደውን ሙቀት ይነግራችኋል። ከዚያም በቤታችሁ ላለች ታናሽ እህታችሁ አንድ ብርጭቆ ውሃ ስጧት።