ቡቃያ በጨለማ ለምን ይረዝማል?

የዛሬው የሳይንስ ዓምድ የተጻፈው በእኔ ጥፋት ምክንያት ነው።

እናቴ ጓሯችን ውስጥ መደብ ላይ የቲማቲም ዘር ዘርታ በደረቅ ሣር ሸፈነችው። ችግኙን ሸጣ ነው ደብተርና ዩኒፎርም የምትገዛልን። ከዚያ ለቅሶ ሄደች። ስትሄድ «ቡቃያው ብቅ ሲል ሣሩን አንሺለት» ብላኝ ነበር። እኔ ውኃውን አጠጣሁ፣ ሣሩን ግን ረሳሁት። እንዲያውም በደንብ ይሸፈን ብዬ ጨምሬበታለሁ። ስትመለስ ገለጥ አድርጋ አየችና «ወይኔ ልጄ፣ ምን አደረግሽኝ!» አለች። ቡቃያው እንደ ክር ቀጥኖ፣ ነጣ ብሎ፣ ረዝሞ እርስ በርሱ ተደጋግፏል።

እኔን የገረመኝ ርዝመቱ ነው። ተክል በብርሃን ያድጋል ብለን ተምረን የለ? ታዲያ ብርሃን ያጣው እንዴት ረዘመ? የሳይንስ መምህራችንን ብጠይቃቸው «መጀመሪያ ራስሽ ሞክሪው» አሉኝ። በሁለት ጣሳ ሦስት ሦስት ቦሎቄ ተከልኩ። አንዱን መስኮት ላይ አደረግኩ፣ ሌላው ላይ ካርቶን ደፋሁበት። በ10ኛው ቀን በማስመሪያ ስለካ የመስኮቱ ረጅሙ 9 ሴንቲ ሜትር፣ የካርቶኑ 21! ግን የካርቶኑ ቢጫ ነው፣ ቅጠሉ አልተዘረጋም፣ ጫፉም እንደ ከዘራ ቆልመም ብሏል።

መምህራችን ያስረዱኝ እንዲህ ነው። አፈር ሥር ያለ ቡቃያ ስንቁ ዘሩ ውስጥ የተቀመጠው ምግብ ብቻ ነው። ስንቁ ሳያልቅ ብርሃን ላይ መድረስ አለበት። ስለዚህ ቅጠል መዘርጋቱን ያቆይና ያለውን ሁሉ ግንዱን ለማስረዘም ያውለዋል። ጫፉ የሚቆለመመውም አፈሩን ሲገፋ ለጋው ክፍል እንዳይጎዳ ነው።

ዓይን የሌለው ቡቃያ ብርሃን ላይ መድረሱን በምን ያውቃል? ሴሎቹ ውስጥ ፋይቶክሮም የሚባል ብርሃን የሚቀበል ፕሮቲን አለ። (ከክሎሮፊል ጋር እንዳይምታታባችሁ፣ እኔን ተምታቶብኝ ነበር። ክሎሮፊል ምግብ ለማዘጋጀት ነው፣ ፋይቶክሮም ወሬ ለማቀበል።) ጨለማ ውስጥ ፋይቶክሮም ሥራ ፈትቶ ይቀመጣል፤ ያኔ ፒፍ የሚባሉ ሌሎች ፕሮቲኖች «ርዘም፣ ርዘም» እያሉ ግንዱን ያስረዝሙታል። ቀይ ብርሃን ሲያርፍበት ግን ፋይቶክሮም ቅርፁን ይለውጥና ወደ ሴሉ ኒውክለስ ገብቶ ፒፎቹን ያስፈርሳቸዋል። ግንዱ ይዘገያል፣ ቅጠሉ ይዘረጋል፣ አረንጓዴ ይሆናል። ክሪፕቶክሮም የሚባለው ደግሞ ሰማያዊ ብርሃን ተቀብሎ ያግዘዋል። ለግንድ ብርሃን ቤንዚን ሳይሆን ፍሬን ነው ማለት ነው!

መጀመሪያ የተደረሰበት በግንድ ሳይሆን በሰላጣ ዘር ነው። በ1952 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ቤልትስቪል በሚባል ቦታ የግብርና ተመራማሪዎች ዘሩ ላይ ቀይ ብርሃን ሲያበሩ በቀለ። ከቀይ ቀጥሎ ያለውን፣ ዓይናችን ብዙም የማያየውን «ሩቅ ቀይ» ወዲያው ሲያስከትሉበት ግን እምቢ አለ። ደጋግመው ቢያፈራርቁትም የሚወስነው መጨረሻ የበራው ነበር፣ ልክ እንደ ማብሪያ ማጥፊያ። ፋይቶክሮምን ራሱን በመሣሪያ ለይተው ያዩት በ1959 ነው።

ሩቅ ቀይ እኛ መደብ ላይም አለ። ቅጠል ቀዩን ብርሃን ይወስድና ሩቅ ቀዩን ያሳልፈዋል። ተጠጋግቶ የበቀለ ችግኝ ጎረቤት እንዳለበት በዚህ ያውቅና ጥላ ሳይውጠው ለመቅደም ይረዝማል። እናቴ «ዘሩን አታጠጋጊው» የምትለኝ ለካ የፋይቶክሮምን ስም ሳትሰማ ታውቀው ኖሯል!

ካርቶኑን ካነሳሁ በኋላ በሁለተኛው ቀን ቅጠሉ አረንጓዴ መሆን ጀመረ። የረዘመው ግን አላጠረም። እናቴም የወደቀውን ቡቃያ ነቅላ ጣለች። የተረፈውን መጀመሪያ ዳስ ሠርታ ቀስ በቀስ ከፀሐይ አለማመደችው፤ ከዚያ ግንዱን እስከ ቅጠሉ ድረስ አፈር ውስጥ ቀብራ ተከለችው። የቲማቲም ግንድ አፈር ሲያገኝ ከጎኑ ሥር ያወጣል። ቢሆንም ከመደቡ ግማሹ እንኳ አልተረፈም፤ የዘንድሮ ዩኒፎርሜም የአምናው ነው።

ሁለቱ ጣሳዎች ሚኒ ሚዲያ ክፍል መስኮት ላይ ናቸው። ማየት የፈለገ በእረፍት ሰዓት ይምጣ፤ ቦሎቄውን ግን እባካችሁ አትንቀሉብኝ።