የፋይል ቀለምና የዓይናችን ወሰን

በ«ቪዥዋል ስቱዲዮ ኮድ» የፋይል ዝርዝር ውስጥ፣ የፋይሎችን ለውጥ የሚመዘግበው «ጊት» ለውጥ ያገኘበት ፋይል ስም ቀለሙን ይቀይራል፤ ከጎኑም «ኤም» የተባለው የላቲን ፊደል ይታያል። ገና ያልተመዘገበ አዲስ ፋይል ደግሞ «ዩ» ይይዛል። ቀለሞቹን «ወርክቤንች ከለር ከስተማይዜሽንስ» በሚለው የሴቲንግ ክፍል እንደ ፍላጎት መለወጥ ይቻላል።

ይሁን እንጂ ምርጫው የውበት ጉዳይ ብቻ አይደለም። ቀይና አረንጓዴን ለመለየት የሚያስችሉን የዓይን ፕሮቲኖች ዘረመል በኤክስ ክሮሞሶም ላይ ስለሚገኝ፣ ችግሩ በወንዶች ላይ ይበዛል። እንዲህ ያለ ተመራማሪ የተለወጠውን የስሌት ፋይል ካልተለወጠው ሳይለይ የተሳሳተ ውጤት ሊያቀርብ ይችላል። ስለዚህ ሰማያዊና ብርቱካንማ ቀለም መምረጥ፣ በድምቀትም ማለያየት፣ ፊደሎቹንም አለማጥፋት ይገባል። ቀለም ቢያሳስት ፊደል ያርማልና።