ሳላ በሁለት በረሃ፦ የዱር እንስሳ ሲበዛ ስንቱ ይታደን?

ባለፈው ሴሚስተር የዱር እንስሳት አያያዝ ኮርስ ስንጀምር መምህራችን የአንድ እንስሳ ፎቶ አሳዩን። ፊቱ ጥቁርና ነጭ፣ ቀንዱ እንደ ጦር ረጅምና ቀጥ ያለ ነው። የአዋሽን ፓርክ የጎበኘ ሰው አይስተውም፤ እኔም ወዲያው «ሳላ ነው!» አልኩ። መምህሩ ግን ፎቶው የተነሣው ኒው ሜክሲኮ ውስጥ መሆኑን ነግረውን «በዚህ ዓመት ስንቱ ቢገደል ይሻላል?» የሚል ጥያቄ ሰጡን። እኔ «አንድም» ብዬ ጻፍኩ። ከ10 ያገኘሁት 2 ነበር። የት ላይ እንደተሳሳትኩ ለመረዳት ሴሚስተሩን ሙሉ ፈጅቶብኛል። የተማርኩትን እነሆ ላካፍላችሁ።

እንስሳው ከየት መጣ?

በፎቶው ላይ ያየነው ጌምስቦክ ይባላል። የእኛ ሳላ የቅርብ ዘመድ ሲሆን አገሩ በደቡባዊ አፍሪካ ያለው የካላሃሪ በረሃ ነው። የኒው ሜክሲኮ የዱር እንስሳት መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. ከ1969 እስከ 1977 ባሉት ዓመታት ከ100 ጥቂት ያነሱ ሳላዎችን ኋይት ሳንድስ በሚባለው የሚሳይል መሞከሪያ በረሃ ለቀቀ። ዓላማው ትልልቅ የዱር እንስሳ በማይበዛበት በረሃ ለአዳኞች የሚታደን ነገር ማቅረብ ነበር። በጊዜው ቁጥሩ ከ500 ወይም ከ600 አያልፍም፣ ከቱላሮሳ ሸለቆም አይወጣም ተብሎ ታሰበ። ዛሬ ከ3,000 እስከ 6,000 እንደሚደርስ ይገመታል። ሸለቆውንም አልፎ በዙሪያው ወዳሉት የከብት እርባታ መሬቶች ገብቷል።

ግምቱ ለምን ከሸፈ? ምክንያቱ ሦስት ነው። አንደኛ፣ በካላሃሪ አንበሳ፣ ጅብና ተኩላ ጥጃውን ይቀንሱታል፤ ኒው ሜክሲኮ ውስጥ ያለው የተራራ አንበሳ ግን የተጠበቀውን ያህል አልቀነሰውም። ሁለተኛ፣ ሳላ ከሚበላው ሣርና ሥር ውኃ ስለሚያገኝ ሳይጠጣ ረጅም ጊዜ ይቆያል፤ ስለዚህ የውኃ እጥረት አያግደውም። ሦስተኛ፣ በዓመቱ በየትኛውም ወር ይወልዳል። እርግዝናው ዘጠኝ ወር ገደማ ሲሆን እናቲቱ ከወለደች ብዙም ሳትቆይ እንደገና ልታረግዝ ትችላለች።

ስሌቱ

አንድ መንጋ በዓመት 15 በመቶ ያድጋል እንበል። በአምስት ዓመት እጥፍ ይሆናል። በ100 ብንጀምር በ5 ዓመት 200፣ በ10 ዓመት 400፣ በ15 ዓመት 800፣ በ20 ዓመት 1,600፣ በ25 ዓመት 3,200 ይደርሳል። መጀመሪያ ላይ ጭማሪው ዓይን ውስጥ አይገባም። ሰው «በዛ» ብሎ መጮህ የሚጀምረው መጨረሻ ላይ ነው፤ ያኔ ደግሞ ለመመለስ ይከብዳል።

ሁለተኛው ስሌት የከብት አርቢ ልጅ ሁሉ የሚያውቀው ነው። አንድ ኮርማ ብዙ ላሞችን ያጠቃል። 50 ወንድና 50 ሴት ካሉበት መንጋ 20 ወንዶች ቢገደሉ በሚቀጥለው ዓመት የሚወለዱት ጥጆች ቁጥር እምብዛም አይቀንስም። 20 ሴቶች ቢገደሉ ግን የሚወልዱት 30 ብቻ ናቸው። ስለዚህ መንጋን ለመቀነስ የሚፈልግ ሰው ሴቶቹን ማደን አለበት፤ መንጋን ለማቆየት የሚፈልግ ደግሞ ከሴቶቹ እጁን ይሰብስብ።

አደኑ እንዴት ይመራል?

በሳላ ወንዱም ሴቷም ቀንድ ስላላቸው ከሩቅ ለመለየት ያስቸግራሉ። ስለዚህ የኒው ሜክሲኮ ፈቃድ ጾታ አይለይም። ደግሞም የሴቷ ቀንድ ቀጠን ብሎ ብዙ ጊዜ ከወንዱ ይረዝማል። ረጅም ቀንድ የሚመኘው አዳኝ ሳያስበው ሴቷን ይመታል፤ ምኞቱ ለመንጋው ቅነሳ ይረዳል ማለት ነው።

በሚሳይል ሥፍራው ውስጥ ፈቃዱ በዕጣ ይደርሳል፤ ዋናው ዕጣ ለአንድ ሰው በዕድሜው አንዴ ብቻ ነው። ቀንዳቸው የተሰበረ ሳላዎችን ብቻ ለማደን የሚሰጥ ሌላ ፈቃድም አለ፤ ይህ ማንም የማይመኘው እንስሳ እንዳይቀር ያደርጋል። በግል መሬት ላይ ግን የባለመሬቱ የጽሑፍ ፈቃድ ያስፈልጋል። ሣሩን ሳላ የበላበት ከብት አርቢ አዳኙን ለመግቢያ ገንዘብ ሊጠይቀው ይችላል። በዚህም ኪሳራው በከፊል ይካካስለታል።

ገንዘቡስ? እ.ኤ.አ. በ1937 በወጣው የፒትማን-ሮበርትሰን ሕግ መሠረት በረጅም ጠመንጃና በጥይት ላይ የ11 በመቶ ቀረጥ ይሰበሰባል፤ ገቢው ለየግዛቶቹ የዱር እንስሳት ሥራ ይከፋፈላል። ቆጠራውንና ጥናቱን በከፊል የሚሸፍነው አዳኙ ራሱ ነው።

አደን ብቻውን ግን ሁሉን አይፈታም። የኋይት ሳንድስ ፓርክ ነጭ አሸዋውንና ዕፅዋቱን ከሳላ ለመከላከል በ1990ዎቹ ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ አጥር አጥሮ፣ ውስጥ የቀሩትን ማስወጣት ነበረበት።

ወደ አዋሽ ስንመለስ

የመጀመሪያዎቹ ሳላዎች ኒው ሜክሲኮ በተለቀቁበት በዚያው በ1969 የአዋሽ ብሔራዊ ፓርክ በአዋጅ ጸና። አንደኛው በረሃ ሳላን እንደ እንግዳ ተቀበለ፤ ሌላው የራሱን ሳላ ሊጠብቅ ቃል ገባ። ዛሬ እንግዳው ተርፎ ይታደናል። የእኛው ግን እ.ኤ.አ. በ2018 በዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት መዝገብ ለመጥፋት አደጋ ከተጋለጡት ተርታ ገብቷል።

«አንድም» ያልኩት መልስ ለአዋሽ ትክክል ሊሆን ይችላል፤ ስህተቴ ለሁለቱም በረሃ አንድ መልስ መስጠቴ ነው። አዋሽ አካባቢ ሳላን የሚያስጨንቀው የግጦሽ መጥበብ፣ ሕገ ወጥ አደንና ድርቅ ነው። አፋሩና ከረዩው ከብቱን ይዞ ወደ ፓርኩ የሚገባው በድርቅ ሌላ መሄጃ ሲያጣ ነው። ለእሱ ሳላ የሚያስገኝለት ጥቅም ከሌለ «ጠብቅ» ብንለው ለምን ይስማናል? ከኒው ሜክሲኮ የሚወሰደው ትምህርት ይህ ይመስለኛል፦ መሬቱ ላይ የሚኖረው ሰው ከእንስሳው ድርሻ ሲኖረው መቁጠሩም መጠበቁም ይቀላል። ድርሻው ግን የግድ በጥይት መምጣት የለበትም፤ መንጋው ባነሰበት ቦታ ከጎብኚ ገቢ፣ ከጥበቃ ሥራ ወይም በድርቅ ጊዜ ከተዘጋጀ የግጦሽ ቦታ ሊመጣ ይችላል።

በፈተናው መጨረሻ ያ ጥያቄ ተመልሶ መጣ። በዚህ ጊዜ ቁጥር ከመጻፌ በፊት ሦስት ጥያቄዎችን አስቀደምኩ፦ ስንት አሉ? ከእነዚህ ውስጥ ስንቱ ሴት ናቸው? ሰው ባይገድላቸው ምን ይገድላቸዋል? ወደ አገራችን ተመልሳችሁ በእርሻም ሆነ በተፈጥሮ ጥበቃ ልትሠሩ የምታስቡ ጓደኞቼ፣ እነዚህን ሦስቱን ይዛችሁ ሂዱ። ስለ ሳላም ሆነ ስለ ዋልያ፣ ከማንኛውም መልስ በፊት ቆጠራው ይቅደም።