ቁርጭምጭሚት የማይደርስ አኻያ

ወጣት፦ ጋሼ፣ ግሪንላንድ ሰሜን ጫፍ ላይ ዛፍ አለ ሲሉ ሰማሁ። እኔ በካርታ ሳየው ነጭ በረዶ ብቻ ነው።

አዛውንት፦ መሀሉ በረዶ ነው፤ ዳር ዳሩ ግን በበጋ ይገለጣል። ዛፍ ያልኩት አኻያ ነው፤ እኛ አገር ወንዝ ዳር የሚበቅለው አኻያ ዘመድ። በሳይንስ ስሙ ሳሊክስ አርክቲካ ይባላል። በ1788 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ስሙን ያወጣለት ሩሲያ ይሠራ የነበረው ጀርመናዊ ፒተር ሲሞን ፓላስ ነው።

ወጣት፦ ስንት ሜትር ያድጋል?

አዛውንት፦ ሜትር አልክ? አብዛኛውን ጊዜ 15 ሳንቲ ሜትር እንኳ አይሞላም። ግንዱ መሬት ለመሬት እየተሳበ ነው የሚሄደው።

ወጣት፦ እንዲህ ከሆነማ ሣር በሉት እንጂ ጋሼ!

አዛውንት፦ ቁመቱ አያታልልህ። ቆርጠህ ብታየው እንጨት ነው፤ የዕድሜ ቀለበትም አለው። ቀለበቱ እጅግ ከመቅጠኑ የተነሣ በማይክሮስኮፕ ነው የሚቆጠረው። ምሥራቅ ግሪንላንድ ላይ አንዱ ሲቆጠር 236 ዓመት ሆኖት ተገኘ። ቁጥቋጦ ብትለው ግን አልከራከርህም፤ የዕፀዋት ሊቃውንትም እንደዚያው ነው የሚሉት።

ወጣት፦ ቀና እንዳይል ያደረገው ብርዱ ነዋ?

አዛውንት፦ ንፋሱም አለበት። ክረምቱን በረዶ ያለብሰዋል፤ ከዚያ ልብስ በላይ ብቅ ያለ ቅርንጫፍ ካለ፣ ንፋስ የሚያበንነው የበረዶ ፍንጣሪ ይፍቀዋል፣ ያደርቀዋል። በበጋ ደግሞ ፀሐይ ያገኘው መሬት ከላዩ ካለው አየር ይሞቃል። ተኝቶ ማደጉ በሁለቱም ወቅት ይጠቅመዋል። ሥሩም ወደ ታች መጥለቅ አይችልም፤ ከሥር ያለው አፈር ዓመቱን ሙሉ እንደ በረደ ስለሚኖር ላይ ላዩን ወደ ጎን ይዘረጋል።

ወጣት፦ በጋው አጭር ነው ይባላል። መቼ አብቦ፣ መቼ ዘር ይሰጣል?

አዛውንት፦ ጥሩ ጠየቅህ። ሰው ሁሉ ይህን ተክል ብርድ በመቻሉ ያደንቀዋል። እኔ የማደንቀው ዝግጅቱን ነው። የሚመጣው ዓመት እምቡጥ ዘንድሮ በበጋ ተሠርቶ ይከርማል። በረዶው እንደ ቀለጠ ቅጠሉም አበባውም አንድ ላይ ይወጣሉ፤ ፀሐይዋም በዚያ ሰሞን ቀንና ሌሊት አትጠልቅም። የአበባው ዘለላ ብርማ ጸጉር አለው። ጸጉሩ የፀሐዩን ሙቀት ስለሚይዝለት የዘለላው ውስጥ ከውጭው አየር ይሞቃል።

ወጣት፦ ወንዴውና ሴቴው በአንድ ግንድ ላይ ናቸው?

አዛውንት፦ የለም፤ ወንዴው ተክል ለብቻው፣ ሴቴዋ ለብቻዋ ናት። የአበባውን ብናኝ ትልልቅ ጸጉራም ንቦችና ዝንቦች ያመላልሳሉ፤ ንፋስም ያግዛል። በካናዳው ኤልዝሚር ደሴት ያጠኑ ተመራማሪዎች ያዩት ነገር ይገርማል፤ ሴቴዎቹ እርጥበትና ምግብ ያለው አፈር ላይ ይበዛሉ፣ ወንዴዎቹ ደረቅና ደሃ ቦታ ላይ። የሴቴዋ ዘለላም ከወንዴው ይበልጥ ይሞቃል። ዘር ማፍራት ብናኝ ከመርጨት የበለጠ ሀብት ይጠይቃልና አያስደንቅም።

ወጣት፦ እዚያ ምድረ በዳ ማን ይበላዋል?

አዛውንት፦ የማይበላው ማን ነው! ማስክ ኦክስ የሚባለው ጸጉራም ግዙፍ እንስሳ፣ የሰሜን አጋዘን፣ ጥንቸሉ። የዚያ አገር ተወላጆች ኢኑዊቶችም ለጋውን ይበሉታል። ከሁሉ የሚገርመኝ ግን አንድ አባ ጨጓሬ ነው። እምቡጡ በሚፈነዳበት በሰኔ ገደማ ጥቂት ሳምንት ይበላል፤ ከዚያ ተደብቆ ክረምቱን ከነነፍሱ በረዶ ሆኖ ያሳልፋል። የእሳት እራት እስኪሆን እንዲህ እያለ ሰባት ዓመት ያህል ይቆያል። ዋና ምግቡ ይኸው አኻያ ነው።

ወጣት፦ አሁን ዓለም እየሞቀ ነው ይባላል። ይጠቅመው ይሆን?

አዛውንት፦ ቱንድራ በሚባለው ቀዝቃዛ የሰሜን ምድር በብዙ ቦታ የአኻያ ዘመዶችና ሌሎች ቁጥቋጦዎች እየረዘሙና እየተስፋፉ ነው። በጎ ዜና ብቻ አድርገህ አትያዘው። ከበረዶው በላይ የሚወጣ ጥቁር ቅርንጫፍ ነጩ በረዶ ይመልሰው የነበረውን የፀሐይ ሙቀት ይውጣል፣ አካባቢውንም ያሞቃል። ምዕራብ ግሪንላንድ ላይ እንደታየው ማስክ ኦክስና አጋዘን በሚግጡበት ቦታ ግን መስፋፋቱ ይገታል።