አዲሱ ላፕቶፕ ለምን ይግላል?

ላፕቶፕ የሚባለው ታጣፊ ኮምፒዩተር ዛሬ የትልልቅ ከተሞች ዕቃ ብቻ አይደለም። በወላይታ ዞን በቤሌም በመምህራን እጅ፣ በመሥሪያ ቤቶችና በማመልከቻ ጸሐፊዎች ጠረጴዛ ላይ ይታያል። ዋጋው ግን ቀላል አይደለም። አንዱ በሬ ሸጦ ይገዛዋል፤ ሌላው ዕቁብ ሲወጣለት ጠብቆ ነው። ስለዚህ በስንት ልፋት የተገዛ ዕቃ ሳምንት ሳይሞላው እንደ ምጣድ ሲግል ባለቤቱ ቢደነግጥ አይፈረድበትም። «ተሸወድኩ እንዴ?» ይላል። ተሸውዶ ሊሆን ይችላል፤ ላይሆንም ይችላል። ይህን ለመለየት ሙቀቱ ከየት እንደሚመጣና በየት እንደሚወጣ ማወቅ ያስፈልጋል።

የላፕቶፑን ቻርጀር አገላብጠን ጀርባውን እናንብብ። በደቃቅ ፊደል የተጻፉ ቁጥሮች አሉበት። ብዙ ጊዜ 20 ቮልትና 3.25 አምፔር የሚል ይገኛል። ሁለቱ ሲባዙ 65 ዋት ይሆናሉ። ይህም የድሮው ባለ 60 ሻማ አምፖል ይፈጅ ከነበረው ኃይል ትንሽ ይበልጣል ማለት ነው። ያ አምፖል ሲበራ በእጅ እንደማይነካ ሁላችንም እናውቃለን። እርግጥ ላፕቶፑ ሁልጊዜ ይህን ሁሉ ኃይል አይወስድም። ቀላል ጽሑፍ ሲጻፍበት የሚወስደው ከዚህ እጅግ ያነሰ ነው። ሆኖም ወደ ውስጥ የገባው የኤሌክትሪክ ኃይል ሥራውን ሠርቶ ሲያበቃ፣ ከሞላ ጎደል ሁሉም ወደ ሙቀት ይለወጣል። ስለዚህ የማይሞቅ ኮምፒዩተር የለም።

ትልቁም መሣሪያ ቢሆን እንዲሁ ነው። በወላይታና በዳውሮ መካከል በኦሞ ወንዝ ላይ የተሠራው፣ በታኅሣሥ ወር 2009 ዓ.ም. የተመረቀው የጊቤ 3 ግድብ 10 ተርባይኖች አሉት። ኃይላቸው በጠቅላላው 1,870 ሜጋ ዋት ነው። እንዲህ ያሉ ትልልቅ ጄኔሬተሮች ሲዞሩ ስለሚግሉ ማቀዝቀዣ ተሠርቶላቸዋል። መጋል ነውር አይደለም። ችግር የሚመጣው ሙቀቱ መውጫ ሲያጣ ነው።

በላፕቶፕ ውስጥ ዋናው ሙቀት የሚፈልቀው ፕሮሰሰር ከሚባለው ክፍል ነው። ሂሳቡን ሁሉ የሚሠራው እሱ ነው። መጠኑ ትንሽ ስለሆነ ሙቀቱ በጠባብ ቦታ ይከማቻል። ከላዩ የመዳብ ቧንቧ ተጋድሞበታል። በቧንቧው ውስጥ ጥቂት ፈሳሽ አለ። አረቄ ሲወጣ ያየ ሰው የዚህን ቧንቧ አሠራር ለመረዳት አይቸገርም። ፈሳሹ በጋለው ጫፍ በኩል ይተንና ወደ ቀዝቃዛው ጫፍ ይሄዳል። እዚያ ሙቀቱን ሲጥል እንደገና ጠል ይሆንና ወደ ነበረበት ይመለሳል። በቀዝቃዛው ጫፍ ላይ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ የተደረደሩ ስስ ብረቶች አሉ። ማራገቢያው በእነዚህ መካከል አየር እየነፋ ሙቀቱን በጎን ወይም በኋላ ባለው ቀዳዳ ያስወጣል። ንቦችም ቢሆኑ በቆላ ፀሐይ ቀፎው ሲሞቅባቸው አፉ ላይ ተሰልፈው በክንፋቸው ያራግባሉ። የቀፎውን አፍ በጭቃ የሚደፍን ንብ አርቢ የለም። የላፕቶፑን ቀዳዳ በጨርቅ የሚደፍን ሰው ግን ሞልቷል።

ይህን በምሳሌ እንመልከት። አንዲት ልጅ በቤሌ በአንድ መሥሪያ ቤት አጠገብ ማመልከቻ ትጽፋለች እንበል። አዲስ ላፕቶፕ ገዛች። ከአቧራ እንዲጠበቅላት ስትል ከሥሩ ዳንቴል አነጠፈችለት። ኋላውን ከግድግዳው ጋር አስጠጋችው። ቤቱ ኮርኒስ የሌለው የቆርቆሮ ቤት ነው። ወሩ የካቲት፣ ሰዓቱም ከቀኑ 8 ሰዓት። አንድ አዛውንት ገበሬ ከሩቅ ቀበሌ በእግራቸው መጥተው ስለ መሬታቸው ይግባኝ ያስጽፋሉ። የይግባኙ ቀን የሚያበቃው ዛሬ ነው። መሥሪያ ቤቱ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ይዘጋል። ሁለተኛው ገጽ ሲጋመስ ላፕቶፑ ድርግም አለ።

«ልጄ፣ አለቀ ወይ?»

«ኧረ ጠፋብኝ አባባ! ትንሽ ይታገሡኝ።»

«መብራት ሄዶ ነው?»

«መብራትስ አለ። ራሱ ግሎ ነው የጠፋው።»

«እንግዲያ ውሃ ነክሮ ጨርቅ ጣል ማድረግ ነዋ!»

አዛውንቱ የሰነዘሩት ምክር ለሰው ራስ ምታት ይሆን ይሆናል እንጂ ለላፕቶፕ አይሆንም። እርጥበት ወደ ውስጥ ከገባ ኤሌክትሪኩ በማይሄድበት መንገድ ይሄድና መሣሪያው ይቃጠላል። በማቀዝቀዣ ፍሪጅ ውስጥ ማስገባትም ያው ነው። ሞቃት ዕቃ በድንገት ሲቀዘቅዝ፣ ከፍሪጁ ወጥቶም ሞቃት አየር ሲያገኘው ውስጡ ያላበዋል። ሊደረግ የሚገባው ከቻርጀሩ መንቀል፣ አንሥቶ በጥላ ቦታ ጠንካራ ነገር ላይ ማስቀመጥና ሩብ ሰዓት ወይም ግማሽ ሰዓት ያህል መታገሥ ነው።

ታዲያ ያ ላፕቶፕ ለምን ጠፋ? ተበላሽቶ አይደለም። ፕሮሰሰሩ ወደ 100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲጠጋ ራሱን ለማዳን ሥራውን ያዘገያል። ሙቀቱ ከዚያም አልፎ ከጨመረ መሣሪያው ራሱን ያጠፋል። ይህ አብሮት የተሠራ መከላከያ ነው። በልጅቱ ጠረጴዛ ላይ ሦስት ነገር ተደራርቧል። ብዙ ላፕቶፖች ቀዝቃዛውን አየር የሚስቡት ከሆዳቸው ነው፤ ዳንቴሉ ይህን ደፈነው። የሞቀው አየር የሚወጣበትን ግድግዳው ከለከለው። ሦስተኛው የቤቱ አየር ራሱ ነው። ብዙ አምራቾች በመመሪያቸው ላፕቶፑ የሚሠራበት አየር ከ35 ዲግሪ እንዳይበልጥ ያሳስባሉ። ቤሌ ከሶዶ ወደ ምዕራብ ወደ ኦሞ ሸለቆ ሲወረድ የምትገኝ ሞቃት ከተማ ናት። ከቀትር በኋላ ከቆርቆሮ ሥር ያለው አየር ይህን ወሰን ቢያልፍ አያስገርምም። ሶዶ ከፍ ስለምትል ቀዝቀዝ ትላለች። (ነገሩ ሌላም ገጽታ አለው። በከፍታ ቦታ አየሩ ስስ ስለሚሆን ሙቀት ተሸክሞ የመሄድ ችሎታው ይቀንሳል። ደገኛው በስሱ አየር የሚያጣውን በብርዱ ይካሳል።)

ልጅቱ ዳንቴሉን አነሣች። ላፕቶፑን ከግድግዳው አንድ ክንድ ያህል አራቀችው። ከኋላ እግሮቹ ሥር ሁለት የውሃ ፕላስቲክ ክዳኖች አደረገችና ጀርባውን ቀና አደረገችው። በበር የሚገባው ፀሐይም እንዳያርፍበት ጠረጴዛውን አዞረች። ይህ ሁሉ አንድ ሳንቲም አላስወጣትም። ገበያ ላይ ባለ ማራገቢያ የላፕቶፕ ማስቀመጫ ይሸጣል። ከሆዱ አየር ለሚስብ ላፕቶፕ ጥቂት ይረዳል፤ በሌላ በኩል ለሚስበው ግን ጥቅሙ ያን ያህል አይደለም። በእኔ ግምት መጀመሪያ ክዳኑን መሞከር ይሻላል። ይግባኙም፣ የጠፋው ግማሽ ገጽ እንደገና ተጽፎ፣ በ10 ሰዓት ተፈረመ። ከዚያ ወዲህ በየአንቀጹ መጨረሻ ጽሑፉን ማስቀመጥ ልማድ አደረገች።

አዲስ ላፕቶፕ በተለይ በመጀመሪያዎቹ ቀናት የሚግልበት ሌላም ምክንያት አለ። ከኢንተርኔት ጋር እንደተገናኘ ከፋብሪካ ከወጣ ወዲህ የመጡትን ማሻሻያዎች ሁሉ ያወርዳል። ውስጡ ያሉትን ፋይሎች ይመዘግባል። ቫይረስም ይፈትሻል። ባለቤቱ ምንም ሳይነካው ማራገቢያው የሚጮኸው ለዚህ ነው። ዊንዶውስ ባለው ላፕቶፕ ላይ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኤስኬፕ የሚባሉትን ሦስት ቁልፎች አንድ ላይ ስንጫን የትኛው ፕሮግራም ምን ያህል እየሠራ እንደሆነ የሚያሳይ ዝርዝር ይመጣል። አንዱ ፕሮግራም ብቻውን ብዙውን ኃይል ይዞ ከተገኘና የማያስፈልገን ከሆነ መዝጋት ነው። ማሻሻያ ከሆነ ግን እስኪጨርስ ይተው። ማታ አየሩ ሲበርድ ቢሠራ ይመረጣል። በኢንተርኔቱ ዝግመትና በመብራቱ መቆራረጥ ምክንያት ይህ ሥራ ቀናት ሊወስድ ይችላል። ከሳምንት ሁለት ሳምንት በኋላም ባዶውን ተቀምጦ የሚግል ከሆነ ግን ሌላ ምክንያት መፈለግ ይገባል።

እስካሁን የተናገርነው የሥራ መጓተትን የሚያስከትል ነው። ስለ ባትሪው የምንናገረው ግን የሕይወት ጉዳይ ነው።

የላፕቶፕ ባትሪ ሊቲየም አዮን የሚባለው ዓይነት ነው። ለገበያ የወጣው በ1991 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ ለመፈጠሩ መሠረት የጣሉት ጆን ጉድኢነፍ፣ ስታንሊ ዊቲንግሃምና አኪራ ዮሺኖ በ2019 እ.ኤ.አ. በኬሚስትሪ የኖቤል ሽልማት አግኝተዋል። ትንሽ ሆኖ ብዙ ኃይል ይይዛል። ጥቅሙም አደጋውም እዚህ ላይ ነው። ውስጡ የሚቀጣጠል ፈሳሽ ስላለው፣ ከልክ በላይ ከጋለ ወይም በአሠራሩ ጉድለት ካለበት በእሳት ሊያያዝ ይችላል። ይህ በታወቁ ኩባንያዎች ዕቃም ደርሷል። ዴል በ2006 እ.ኤ.አ. ሶኒ የሠራቸውን 4.1 ሚሊዮን ያህል የላፕቶፕ ባትሪዎች ከገዢዎች እንዲመለሱ ጠርቷል። አፕልም በ2019 እ.ኤ.አ. ቀደም ሲል የሸጣቸውን አንዳንድ ላፕቶፖች በባትሪያቸው መጋል ምክንያት ጠርቶ ባትሪያቸውን ቀይሯል። ስለዚህ «ስሙ ትልቅ ነው፣ ምንም አይሆንም» ማለት አያዋጣም።

ላፕቶፕን ፍራሽ ወይም ብርድ ልብስ ላይ አድርጎ፣ ቻርጀር ሰክቶ እንቅልፍ መተኛት እጅግ አደገኛ ነው። ፍራሹ ቀዳዳውን ይደፍናል፤ እሳት ቢነሣም የመጀመሪያው ማገዶ እሱ ነው። ተማሪዎች በተለይ ይህን ያዘወትራሉ። ሌላው ክፉ ልማድ ላፕቶፑን ሳያጠፉ እንዲያው አጥፎ ቦርሳ ውስጥ መክተት ነው። አንዳንድ ጊዜ ውስጥ ሆኖ ይነቃና ሥራውን ይቀጥላል። ከቤሌ ሶዶ እስኪደረስ ቦርሳው ምድጃ ይሆናል።

መብራት ሲሄድ ቻርጀሩን መንቀል፣ ሲመጣም ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ መሰካት ጥሩ ነው። ኃይሉ ሲመለስ ከፍና ዝቅ ስለሚል ቻርጀሩን ይጎዳዋል። ቻርጀር ሲጠፋ በተገኘው መተካት አይገባም። ቮልቱ ከዋናው ጋር እኩል፣ ዋቱም ከዋናው የማያንስ መሆኑን ጀርባው ላይ አንብቦ መግዛት ነው። ቁጥር ማንበብ ገንዘብ የሚያድንበት አንዱ ቦታ ይህ ነው።

የላፕቶፑ ሆድ አብጦ ጠረጴዛ ላይ አልቀመጥ ካለ፣ የመዳሰሻው ሰሌዳ ወደ ላይ ከተገፋ ወይም ጣፋጭ የሚመስል የኬሚካል ሽታ ከሸተተ ባትሪው ተበላሽቷል ማለት ነው። ወዲያው ማጥፋት፣ ከቻርጀር መንቀልና የሚቃጠል ነገር ከሌለበት ቦታ ማኖር ይገባል። ተጭኖ ማስተኛት ወይም በመርፌ በስቶ ማስተንፈስ ፈጽሞ አይሞከርም።

አሁን ወደ ጥያቄው እንመለስ። ጉድለት ያለበትን ዕቃ ከደህናው በምን እንለያለን? በጠንካራ ጠረጴዛ ላይ፣ ጠዋት በቀዝቃዛው ሰዓት፣ ቀላል ጽሑፍ ብቻ እየተሠራበት የሚጠፋ ላፕቶፕ ደህና አይደለም። በጣም እየጋለ ማራገቢያው ድምፅ የማያሰማም እንዲሁ። (አንዳንድ ላፕቶፖች ማራገቢያ ሳይኖራቸው ይሠራሉ፤ ይህን ከመመሪያው ማረጋገጥ ነው።) «አዲስ» ተብሎ የተሸጠው ዕቃ አገልግሎ የታደሰ ሊሆንም ይችላል። የብሎን ጭንቅላት ተቧጭሮ ከታየና በቀዳዳዎቹ ውስጥ አቧራ ካለ ይህን መጠርጠር ይገባል። ከተቻለስ ክፍያ ከመፈጸሙ በፊት እዚያው ሱቅ ውስጥ አንድ ሰዓት ያህል ፊልም እያሳየ እንዲሠራ ማድረግ ነው። ሻጩ ቢያጉረመርምም ግድ የለም።

ጉድለት መኖሩ ካጠራጠረ ከፍቶ መነካካት አይገባም። ዋስትና ካለው ማኅተሙ ሲቀደድ ዋስትናውም ያበቃል። ይልቅ ደብተር ተይዞ እንዲህ ይጻፍ፦ «ሰኞ፣ ጠዋት 3 ሰዓት። ጠረጴዛ ላይ። ደብዳቤ ስጽፍ በ20 ደቂቃ ጠፋ። ማክሰኞ፣ ጠዋት 2 ሰዓት። ምንም ሳልሠራበት ጋለ፣ ማራገቢያው አልዞረም።» ሦስት አራት ቀን እንዲህ ተጽፎ ከደረሰኙ ጋር ለሻጩ ሲቀርብ፣ «አንተ አያያዝ አታውቅም» የሚለው መልስ ቦታ ያጣል። ደረሰኝ ሳይቀበሉ ላፕቶፕ መግዛት ግን ከመጀመሪያው ይህን በር መዝጋት ነው።

ጥያቄዎች

በቤታችሁ ያለውን አንድ ቻርጀር ጀርባ አንብቡ። ቮልቱንና አምፔሩን አባዙ። ስንት ዋት ሆነ?

ልጅቱ ዳንቴሉን ያነጠፈችው ለምን ነበር? ያስከተለውስ ምንድን ነው?

አዛውንቱ የሰጡት ምክር ለምን አደጋ ያመጣል?

ሆዱ ያበጠ ላፕቶፕ ብታዩ መጀመሪያ ምን ታደርጋላችሁ?