በጠብ መካከል ጊዜ ይረዝማልን?

ከከባድ ጠብ የወጣ ሰው ስለ ሁኔታው ሲያወጋ ብዙ ጊዜ አንድ ነገር ይደግማል፤ የተሰነዘረበት ዱላ ቀስ እያለ ሲወርድበት እንደታየው ይናገራል። ሰውየው እየዋሸ ነውን? ወይስ ጊዜው በእርግጥ ረዝሞበታል?

ለፊዚክስ ሰው የጊዜ መርዘም እንግዳ ነገር አይደለም። አልበርት አይንስታይን በ1905 እ.ኤ.አ. ባቀረበው የአንጻራዊነት ንድፈ ሐሳብ መሠረት፣ የሚንቀሳቀስ ሰዓት ዘግይቶ ይቆጥራል። ይሁንና በሴኮንድ 25 ሜትር በሚጓዝ አካል ላይ የሚፈጠረው ልዩነት፣ የሴኮንድ ቢሊዮንኛ ክፍል እንደገና ለሚሊዮን ተከፍሎ ከሚገኘው ከ4 እጥፍ ያነሰ ነው። ስለዚህ አይንስታይንን ትተን ወደ አንጎል መመለስ ግድ ይለናል።

ጉዳዩ በጽሑፍ መስፈር የጀመረው ዛሬ አይደለም። ስዊዘርላንዳዊው የሥነ ምድር ሊቅ አልበርት ሃይም ከተራራ ወድቀው የተረፉ ሰዎችን ምስክርነት ሰብስቦ በ1892 እ.ኤ.አ. አሳትሟል፤ ጊዜው እጅግ ረዝሞ እንደተሰማቸው ከተናገሩት ብዙዎቹ ናቸው። ወደ ጠቡ ይበልጥ የሚቀርበው ግን አሌክሲስ አርትዎል በ2002 እ.ኤ.አ. ያወጣችው ጥናት ነው። በአሜሪካ በተኩስ ግጭት ውስጥ ካለፉ 157 ፖሊሶች መካከል 62 በመቶው ሁኔታው በዝግታ ሲፈጸም እንደታያቸው፣ 17 በመቶው ደግሞ በተቃራኒው እንደፈጠነባቸው ገልጸዋል። 84 በመቶው ድምፅ እንደደከመባቸው ተናግረዋል፤ የገዛ ጠመንጃ ጩኸት ሳይቀር!

እዚህ ላይ ስለ ፊልም ካሜራ እናስብ። አንድን ድርጊት በዝግታ ለማሳየት፣ ካሜራው በእያንዳንዱ ሴኮንድ ከተለመደው የበለጠ ምስል ማንሳት አለበት። አንጎልም በፍርሃት ጊዜ እንዲሁ የሚያደርግ ከሆነ፣ በሌላ ጊዜ ከፍጥነታቸው የተነሣ የማይለዩ ነገሮችን ለይቶ ማየት ይኖርበታል። ይህ ሊፈተን የሚችል ግምት ነው፤ ተፈትኗልም።

ዴቪድ ኢግልማንና ባልደረቦቹ በ2007 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ሙከራ፣ ፈቃደኛ ሰዎችን በዳላስ ከተማ ከ31 ሜትር ከፍታ ወደ ኋላ በጀርባቸው እንዲወድቁ አደረጉ። ከታች መረብ ተዘርግቷል። የነጻ አወዳደቅን ቀመር የሚያውቅ አንባቢ ውድቀቱ 2.5 ሴኮንድ ያህል እንደሚፈጅ አስልቶ ሊያገኘው ይችላል። በእያንዳንዱ ሰው አንጓ ላይ ቁጥሮችን እያፈራረቀ የሚያሳይ መሣሪያ ታሰረ፤ ፍጥነቱም በተረጋጋ ዓይን ሊነበብ ከሚቻለው ጥቂት እንዲያልፍ ተደረገ። ከውድቀቱ በኋላ ሰዎቹ የራሳቸውን አወዳደቅ በሐሳባቸው እየደገሙ በሰዓት ሲለኩት፣ ሌላው ሲወድቅ አይተው ከገመቱት በአማካይ በ36 በመቶ ረዘመ። ቁጥሮቹን ግን ሊያነቡ አልቻሉም። ካሜራው አልፈጠነም ማለት ነው።

ታዲያ የረዘመው ምንድን ነው? ተመራማሪዎቹ ትዝታው ነው ይላሉ። በአደጋ ጊዜ ከኩላሊት በላይ ያሉት ዕጢዎች አድሬናሊን ወደ ደም ይለቃሉ፤ አሚግዳላ የተባለው የአንጎል ክፍልም ነቅቶ ክስተቱ ጠልቆ እንዲታተም ያግዛል። በኋላ ስናስታውሰው ዝርዝሩ ስለሚበዛ ርዝመቱም የበዛ ይመስለናል። በእኔ አስተያየት ማብራሪያው አሳማኝ ቢሆንም ሁሉንም አይሸፍንም። ወዳቂው መረብ እንደሚጠብቀው ያውቃል፤ ተደባዳቢው መረብ የለውም፣ ደግሞም እየወሰነ መንቀሳቀስ አለበት። ጊዜ የፈጠነባቸው 17 በመቶዎቹም ገና መልስ ይሻሉ።

ነገሩ በፍርድ ቤት ሲደርስ ይከብዳል። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕጋችን በአንቀጽ 78 ራስን መከላከልን ይፈቅዳል፤ በአንቀጽ 79 ደግሞ ከመጠን ያለፈው መከላከል ከፍርሃት ወይም ከድንጋጤ የመጣ ሲሆን ዳኛው ይህን እንዲመለከት ዕድል ይሰጣል። እንግዲህ ተከሳሹ በቅንነት «አምስት ደቂቃ ያህል ታግለናል» ቢል፣ ለማሰብና ለመሸሽ ሰፊ ጊዜ የነበረው ሊመስል ነው። ከላይ ያየነው ሙከራ ትክክል ከሆነ ግን፣ በትዝታ የረዘመው ጊዜ ለማሰብ የተረፈ ጊዜ አይደለም። ከደቂቃው ይልቅ ርቀቱን መጠየቅ ሳይሻል አይቀርም፤ ባለዱላው 6 ሜትር ርቆ ከነበረና በሴኮንድ 4 ሜትር ከሮጠ፣ ተከሳሹ የነበረው ጊዜ 1.5 ሴኮንድ ብቻ ነው።